የስሜት ብልህነት ምንድን ነው? «ቻይው» ማለትስ ነው?

ከእኔ ጋር ጎንደር፣ አዘዞ የምትኖረው የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ከዳባት መጥታ እዚህ ትምህርት ከጀመረች ሦስት ወር ሳይሞላ ምሳ ዕቃዋ ሳይነካ መመለስ ጀመረ። «ምን ሆንሽ?» ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ «ምንም፣ ደብሮኝ ነው።» አንድ ቅዳሜ ቡና ስቆላ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ተናደሽ ነው? ፈርተሽ ነው? ወይስ አፍረሽ?» አልኳት። ጭሱን እያየች ቆየችና «አፍሬ ነው፣ አክስቴ» አለች። ከዚያ ሁሉም ወጣ። አፏን በከፈተች ቁጥር አነጋገሯን እየደገሙ ይስቁባታል፤ ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ ብቻዋን ስትበላ እንዳያዩዋት ምሳዋን ትተወዋለች።

የስሜት ብልህነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ «ደበረኝ» ወደ «አፍሬ ነው» ሲለወጥ።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 በጥናት መልክ ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። የራስንና የሌላውን ስሜት ማስተዋል፣ ከየት እንደመጣ መረዳት፣ ለማሰብ እንዲያግዝ ማድረግና መግራት መቻል ነው ይሉታል። በእኛ ቋንቋ የመጀመሪያው እርምጃ ሊከብድ አይገባም ነበር። ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ባባ፣ ቅር አለኝ፣ ከፋኝ፣ ተሸማቀቅኩ፣ አንጀቴ አረረ፤ ሁሉም የየራሱ መልክ አለው። የሚፈልገውም የተለያየ ነው፦ ሆድ የባሰው የሚያጫውተውን ይሻል፣ የፈራ የሚጠብቀውን፣ ያፈረ ደግሞ ክብሩን የሚመልስለትን። ልጆቻችን ግን ይህን ሁሉ «ደበረኝ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለውታል፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ይልቁንም «ቻይው»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ስሜትን መዋጥና ስሜትን መግራት ለየቅል ናቸው። የተዋጠው በራስ ምታት፣ በሆድ ቁርጠት፣ በእንቅልፍ ማጣት ይመለሳል፤ ጠዋት ጠዋት «አሞኛል፣ ትምህርት ቤት አልሄድም» የሚል ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

ማንጓጠጡንም በስሙ እንጥራው። በዚህ ጉዳይ ቀዳሚ የሆነው ተመራማሪ ዳን ኦልዌውስ ሦስት ምልክቶች አስቀምጧል፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ በአድራጊውና በተበዳዩ መካከል የአቅም ልዩነት አለ። ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ሽምግልናችን ለተጣሉ እኩዮች ነው፤ እዚህ ግን የተጣላ የለም፤ አንዱ በዳይ ሌላው ተበዳይ ነው። እጅ አጨባብጦ «ታረቁ» ማለት ተበዳይዋን ሌላ ዕዳ ማሸከም ነው። ለእህቴ ልጅ አንድ መምህር «አትስሚያቸው» ብሎ ነበር የሸኛት። ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም።

ስሜታቸውን የሚለዩና የሚገሩ ታዳጊዎች ቢንጓጠጡም የድብርትና የተስፋ መቁረጥ ምልክት እንደሚቀንስባቸው ጥናቶች አሳይተዋል። አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ በተሞላ መጠይቅ የተሠሩ ስለሆኑ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይለዩም፤ መንጓጠጡ ራሱ የልጅን ስሜት የማንበብ አቅም ሊያደበዝዝ ይችላል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ የስሜት ብልህነት ልጅቷን ያግዛታል እንጂ የሚስቁባትን ዝም አያሰኝም። ያ የአዋቂዎች ሥራ ነው። ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ስለ መሞት ካወራች ደግሞ ማስታመሙ ከቤት አቅም በላይ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

የክፍል ኃላፊዋን አብረን ሄደን አነጋገርን። ምን እንደምትል አስቀድማ ለእኔ ደጋግማ ነገረችኝ፤ «ሲስቁብኝ አፍራለሁ፣ ስለዚህ እጅ አላወጣም» ብላ ጀመረች። ልጅቷ ስትናገር ኃላፊዋ አላቋረጠቻትም፤ መቀመጫዋን ቀየረችላት፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ ጠርታ አነጋገረች። ቅጽል ስሙ ገና ፈጽሞ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ግን ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠች «ዛሬ አላፈርኩም፣ ተናድጄ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ምሳ ዕቃው ባዶ ነበር።