ሌክ ኢፌክት ስኖው ምንድን ነው?

እኛ ጋ ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ እያለ የሚወርደውም ስሙ አንድ ነው፤ በረዶ። (አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ ግን ማን ይጠራዋል?) ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ያለችው ቡፋሎ ግን አንዱን ለይታ ሌክ ኢፌክት ትለዋለች። ሐይቁ ራሱ የሚያመርተው በረዶ ነው።

ከተማዋ የኢሪ ሐይቅ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት። ሐይቁ 388 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ኖቬምበር ሲገባ አየሩ ቢበርድም ውሃው ከሰመር የተረፈ ሙቀት አለው። ያን ጊዜ ከካናዳ በኩል ደረቅ ብርድ ይመጣል። ውሃው ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይሞቃል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ ሽቅብ ወጥቶ ደመና ይሆናል። ለዚህ የሐይቁ ገጽ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አየር ቢያንስ በ13 ዲግሪ ሴልሺየስ መሞቅ አለበት። ንፋሱ ሐይቁን በቁመቱ ተከትሎ ከነፈሰ ደግሞ አየሩ እስከ ቡፋሎ ድረስ ሲጠጣ ይመጣል። የብስ ሲነካ ያራግፈዋል።

እኔን የሚገርመኝ ማዳላቱ ነው። ክረምት ላይ ቦሌ ዶፍ ወርዶ ፒያሳ ፀሐይ እንደሚሆነው ማለት ነው። ደመናው ጠባብ መስመር ሠርቶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ከቡፋሎ ደቡብና ምሥራቅ ያሉ ሰፈሮች ከ1.5 ሜትር በላይ በሆነ በረዶ ተቀበሩ። ሰሜን ያሉት ጎረቤቶቻቸው ያገኙት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው።

ኢሪ ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 19 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ቶሎ ይረጋል። ከረጋ በኋላ እርጥበት ስለማይሰጥ የበረዶው ፋብሪካ ይዘጋል።

እፎይ ማለት ግን የለም። በጃንዋሪ 1977 ሐይቁ ረግቶ ነበር። ከሰማይ የወረደው አዲስ በረዶ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለቡፋሎ ምንም ማለት አይደለም። ግን የረጋው ሐይቅ ላይ ስንት ሳምንት የተከመረውን ንፋሱ ጠርጎ ከተማዋ ላይ ደፋው። መኪኖች ተዋጡ።

በዲሴምበር 2022 ደግሞ ማዕበሉ ገና ካልረጋው ሐይቅ ላይ መጣ፤ የገና ሰሞን ነበር። በረዶውና ንፋሱ አንድ ላይ ሆነው የገዛ እጅን እንኳ ማየት አቃተ። አምቡላንስም መድረስ አልቻለም። ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከፊሎቹ መንገድ ላይ በቆመ መኪናቸው ውስጥ፣ ከፊሎቹ ማሞቂያ በጠፋበት ቤታቸው።