«ነቀፌታ የሌለበት» ማለት ብክነት የለም ማለት ነው?

አንድ የመንግሥት ተቋም «ነቀፌታ የሌለበት የኦዲት አስተያየት አገኘ» ሲባል ብዙ ሰው ገንዘቡ በአግባቡ ሥራ ላይ ውሏል ብሎ ይረዳል። እንደዛ አይደለም። አስተያየቱ የሚለው የሒሳብ መግለጫው ጉልህ ስህተት የለበትም፣ የተቋሙንም የገንዘብ አቋም በትክክል ያሳያል ነው። በቃ።

አንድ ሆስፒታል ውድ የምርመራ ማሽን ገዛ እንበል። ጨረታው በደንቡ ወጥቷል፣ ደረሰኙ አለ፣ ክፍያው ተመዝግቧል፣ ማሽኑም በንብረት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ግን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ስላልተቀጠረ ወይም የሚተከልበት ክፍል ስላልተዘጋጀ ዓመት ሙሉ ከነማሸጊያው መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። በሽተኛው ግን ሳይመረመር ይመለሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ይህን የሚያየው የክዋኔ ኦዲት የሚባለው ሌላ ዓይነት ምርመራ ነው። ጥያቄዎቹም ሌላ ናቸው፦ በተመጣጣኝ ዋጋ ነው የተገዛው? በወጣበት ገንዘብ ልክ እየሠራ ነው? የታሰበለትን ውጤትስ አመጣ? ችግሩ፣ የክዋኔ ኦዲት እንደ ሒሳብ ኦዲቱ በየዓመቱ ለሁሉም ተቋም አይደረግም፤ ብዙውን ጊዜ ርዕስ ተመርጦ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሪፖርት ስታነቡ መጀመሪያ የትኛው ኦዲት እንደሆነ እዩ። የሒሳብ ኦዲት ከሆነ፣ ስለ ብክነት የተሟላ መልስ አትጠብቁበት።