የዋልታ አፈር የፈንገስ ብዝኃነት ምንድን ነው?

እንጉዳይ፣ ሻጋታና እርሾ ሦስቱም ፈንገሶች ናቸው። ፈንገስ እንደ ተክል ከብርሃን ምግብ አያዘጋጅም፤ ኢንዛይም ወደ ውጭ አመንጭቶ የሞተ ቅጠል፣ ሥርና እንጨት ካሟሟ በኋላ ይመጠዋል። ለዚህ ደግሞ ፈሳሽ ውኃ ያስፈልጋል፤ በዋልታዎች ውኃው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሆኖ ይከርማል። የዋልታ አፈር የፈንገስ ብዝኃነት ስንል በዚያ አፈር ውስጥ ምን ያህል ዓይነት ፈንገስ እንዳለ፣ የትኛው እንደሚበዛና ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ ማለታችን ነው።

ሁለቱ ዋልታዎች በዚህ ረገድ አይመሳሰሉም። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ባለው አርክቲክ መሬት ለመሬት የሚሳቡ ድንክ የአኻያ ቁጥቋጦዎች አሉ። ከሥሮቻቸው ጋር የተቆራኙ ፈንገሶች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እያቀበሏቸው በምትኩ ስኳር ይወስዳሉ። እነዚህ ፈንገሶች በበጋ እንጉዳይ ያወጣሉ፤ አንዳንዴም እንጉዳዩ ከአኻያው በቁመት ይበልጣል። የደቡብ ዋልታዋ አህጉር አንታርክቲካ ግን አገር በቀል የአበባ ተክሎቿ ሁለት ብቻ ናቸው። ከሥር ጋር ተወዳጅቶ የሚኖር ፈንገስ እዚያ አጋር እምብዛም ስለማያገኝ፣ ቦታውን በአብዛኛው የሚይዙት እርሾዎች፣ ሻጋታዎችና ከአልጌ ጋር ተጣምረው ላይከን የሚሠሩ ፈንገሶች ናቸው።

ከሁሉም የሚከፋው በአንታርክቲካ ያለው የማክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የደረሰበት የእንግሊዛዊው አሳሽ የሮበርት ስኮት ቡድን ሕይወት ያለው ነገር አላየም። አሜሪካዊው የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ ዎልፍ ቪሽኒያክ በበኩሉ አፈሩ ሕይወት አልባ ነው የሚለውን አልተቀበለም፤ እ.ኤ.አ. በ1973 እዚያው ለምርምር እንደወጣ ወድቆ ሞተ። ከሰበሰበው ናሙና ሚስቱ ሄለን ቪሽኒያክ ያልታወቀ እርሾ አግኝታ በስሙ ጠራችው።

እንዲህ ያሉ ፈንገሶች ብርዱን የሚችሉት በአንድ ዘዴ አይደለም። የሕዋስ ሽፋናቸው ስብ በቀላሉ የማይረጋ ዓይነት ነው። ትሬሃሎስ የተባለ ስኳርና ግሊሰሮል ያከማቻሉ፤ አንዳንዶቹ የበረዶ ቅንጣት እንዳይተልቅ የሚገታ ፕሮቲን ያመርታሉ። ጥቁር ቀለም ያላቸው ደግሞ ሜላኒን ከጨረር ይከላከልላቸዋል። በአንታርክቲካ ዓለት ውስጥ የሚኖረው ክራዮማይሰስ የተባለ ጥቁር ፈንገስ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጫዊ ክፍል ዓመት ተመንፈቅ ያህል ቆይቶ ከነሕይወቱ ተመልሷል። አፈር ባይሆንም ሳይጠቅሱት ማለፍ ይከብዳል።

የዝርያ ዝርዝር ሲቀርብልን ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ድሮ አፈሩን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ዘርተው የበቀለውን ይቆጥሩ ነበር፤ በሳህን ላይ ማደግ የማይችለው ሁሉ ሳይቆጠር ይቀራል። ዛሬ ዲኤንኤ ከአፈሩ በቀጥታ ይነበባል፤ ዝርዝሩም እጅግ ረዝሟል። ችግሩ ብርድ ዲኤንኤን ጠብቆ ማቆየቱ ነው። የሞተውም፣ ነፋስ ከሩቅ አምጥቶ የጣለው ስፖርም (የፈንገስ መራቢያ ቅንጣት)፣ በእርግጥ እየበላና እያደገ ያለውም እኩል ይመዘገባሉ። ለእኔ፣ ፈንገሱ ሲሠራ የሚታይበት ማስረጃ ከረጅም ዝርዝር ይበልጣል። ለምሳሌ የስኮት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1911 በአንታርክቲካዋ ሮስ ደሴት የሠራውን የእንጨት ቤት ካዶፎራ የሚባሉ ፈንገሶች እያበሰበሱት መሆኑ ተረጋግጧል። እዚህ ላይ ሕያው ነው ወይስ የሞተ የሚል ክርክር አይነሳም።

ይህ ማለት ግን የዲኤንኤ ቆጠራ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በአንታርክቲካ የባሕር ዳርቻ ቀጠና 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ተከትሎ አፈር መርምሮ፣ የፈንገስ ዝርያ ብዛት ከአየሩ ሙቀት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሙቀቱ ከቀጠለ በደቡባዊው ጫፍ ያለው ብዛት እስከ 2100 ድረስ ከ20 እስከ 27 በመቶ ሊያድግ እንደሚችልም ገምቷል። በሰሜን በኩል ጉዳዩ ይከብዳል። ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሆነው የሰሜን አፈር በከባቢ አየር ካለው ካርቦን ሁለት እጥፍ ገደማ ይዟል፤ ሲቀልጥ ያንን አበስብሰው ወደ አየር ከሚለቁት መካከል ፈንገሶች ይገኙበታል።