የስህተት መልእክት ፍተሻ በድርጅት ሶፍትዌር

የስህተት መልእክት ፍተሻ፣ ሂሳብን፣ ግዢን፣ መጋዘንንና ደመወዝን በአንድነት የሚይዝ ሶፍትዌር አንድን ሥራ አልመዘግብም ሲል ምክንያቱን የማግኘት ሥራ ነው። የፕሮግራመር ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም መፍትሔው አዘውትሮ የሚገኘው የሂሳብና የንብረት አያያዝን ደንብ ከሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ነው።

በዘርፉ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1972 በአምስት የቀድሞ የአይቢኤም ሠራተኞች ተመሠረተ፤ አር/3 የተባለው ሥርዓቱ በ1992 ወጣ።

የኤስኤፒ መልእክቶች አሰያየም የሚያስመሰግን ነው። እያንዳንዱ መልእክት ምድብና ባለሦስት አኃዝ ቁጥር አለው፤ ጽሑፉ ደግሞ ቲ100 በሚባለው ሰንጠረዥ በየቋንቋው ተቀምጧል። በጀርመንኛም ሆነ በፈረንሳይኛ የሚሠራ ሰው የሚያየው ቁጥር አንድ ነው። ስለዚህ ፈታሹ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቃላቱን ትርጉም ሳይሆን ቁጥሩን ነው። መልእክቱ ሁለት ጊዜ ሲጫን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱንና መደረግ ያለበትን የሚዘረዝር ሰፊ ማብራሪያ ይከፈታል። ይህን ሳያነብ ስልክ የሚያነሳ ተጠቃሚ ግን አይጠፋም።

ምድቡ ኤም7፣ ቁጥሩ 053 የሆነው መልእክት ጥሩ ማሳያ ነው። የመጋዘን ሠራተኛ በወሩ መጀመሪያ ዕቃ ገቢ ሊያደርግ ሲል፣ መመዝገብ የሚቻለው በተጠቀሱት ወራት ብቻ እንደሆነ ይነገረዋል። ሂሳብ ክፍል ኦቢ52 በተባለው ትራንዛክሽን (አንድን ሥራ በሚከፍት የኤስኤፒ አጭር ትእዛዝ) የሂሳቡን ወር ከፍቷል፤ መልእክቱ ግን አልጠፋም። የዕቃዎች ወር ከሂሳቡ ወር የተለየ ነውና፤ እርሱን ወደሚቀጥለው ወር የሚያሸጋግረው ኤምኤምፒቪ የተባለው ትራንዛክሽን ነው። የተሸጋገረውን ወር ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ስላልሆነ፣ ኤምኤምፒቪን ከመንካት በፊት ሠራተኛው የጻፈውን የምዝገባ ቀን ማየት ይገባል። ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ ቀኑ ላይ የተሳሳተች አንዲት አኃዝ ናት።

ተጠቃሚው ፈቃድ የለህም ተብሎ ሲከለከል የሚከፈተው፣ መጨረሻ የተከለከለውን ፈቃድ የሚያሳየው ኤስዩ53 የተባለው ትራንዛክሽን ነው። አንዳንዶች ይህ ብቻውን ይበቃል ይላሉ። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ብዙ ፈቃዶችን እየፈተሸ ስለሚያልፍ፣ መጨረሻ የተከለከለው ፈቃድ ሥራውን ያስቆመው ላይሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ኤስቲ01 በተባለው ትራንዛክሽን የፍተሻውን ዱካ መቅዳት ይሻላል።

ፕሮግራሙ ጨርሶ ሲቋረጥ ዝርዝሩ ኤስቲ22 በተባለው ትራንዛክሽን ውስጥ ይገኛል፤ የተቋረጠበት የፕሮግራም መስመር ሳይቀር ይታያል። ምክንያቱ የጊዜ ገደብ ማለፍ ከሆነ፣ ሥራውን ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ ሳይጠብቅ ከጀርባ እንዲሄድ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ገደቡን ማራዘም ግን ባለሙያዎችን ያከራክራል።

መረጃው የሚከማችበት ዳታቤዝም የራሱ የስህተት ቁጥሮች አሉት፤ በኦራክል ዳታቤዝ ኦራ-00001 ሊደገም የማይገባው ቁልፍ መደገሙን ይገልጻል፤ ኦራ-00600 ደግሞ የዳታቤዙ የራሱ ውስጣዊ ስህተት በመሆኑ በአብዛኛው ወደ አምራቹ ይላካል።

ለድጋፍ ክፍል የሚላክ ሪፖርት ሙሉ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የተጠቃሚውን መለያና የተሠራበትን ትራንዛክሽን መያዝ አለበት። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቀይ የስህተት መስመር ብቻ ቆርጦ የያዘ ፎቶ ከእነዚህ አብዛኛዎቹን ያስቀራል፤ ፈታሹም መልሶ ለመጠየቅ ይገደዳል።