ከኦርካ እስከ «ኢትዮጵያ»፦ በሐይቅ ዳር ተሠርታ ምጽዋ ያገለገለች መርከብ

ኦርካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራች መርከብ ናት። መለያ ቁጥሯ ኤቪፒ 49 ነበር። እኛ ዘንድ የምትታወቀው ግን በሁለተኛ ስሟ ነው፤ «ኢትዮጵያ»። ለ29 ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ፣ በኋላም የደርግ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ሆና ኖራለች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ተጨምሮበታል።)

ስለ አሜሪካ የባሕር ጉልበት ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያስበው አውሮፕላን ተሸካሚዎቹን ነው። እነሱማ የሚገባቸውን ዝና አግኝተዋል። ኦርካ ግን ከኋላ ሆነው ሥራውን ከሚያስኬዱት ወገን ነበረች። በአንድ ንድፍ ከተሠሩትና የባርኔጋት ምድብ ከሚባሉት እህቶቿ ለአብዛኞቹ የባሕር ወሽመጥ ስም ነው የተሰጣቸው። እሷም ስሟን ያገኘችው አላስካ ካለ ኦርካ ከሚባል ወሽመጥ ነው። ብዙ ሰው ከዓሣ ነባሪው የመጣ ይመስለዋል።

ሥራዋ የባሕር አውሮፕላኖችን ማስተናገድ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ በየደረሱበት ማኮብኮቢያ መሥራት አይቻልም። ካታሊና የሚባለው ትልቅ አውሮፕላን ግን ውሃ ላይ ያርፋል፣ ከውሃም ይነሳል። የሚፈልገው የተረጋጋ ወሽመጥና አንዲት መርከብ ብቻ ነው። መርከቧ እዚያ ገብታ መልሕቅ ትጥላለች። አውሮፕላኖቹ በዙሪያዋ እንደ ጀልባ ይታሰራሉ። ነዳጅ፣ ቦምብና መለዋወጫ ከእሷ ይወስዳሉ። አብራሪዎቹም እሷ ላይ በልተው እሷ ላይ ያድራሉ። ባጭሩ ማደያ፣ ጋራዥና አልቤርጎ በአንድ ላይ ነበረች። ለአውሮፕላን ብቻ የሚሆን 300,000 ሊትር ያህል ነዳጅ ትይዛለች። ትንሽ ወሽመጥ ውስጥ እንድትገባ ሆን ተብሎ ሆዷ ወደ ታች ብዙ እንዳይጠልቅ ተደርጓል። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቷ 18 ኖት ቢሆን ነው፤ ይኸውም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል። ለውጊያ የምትሮጥ መርከብ አልነበረችም። ቢሆንም ባዶ እጇን አልላኳትም፤ 127 ሚሊ ሜትር መድፍና ፀረ አውሮፕላን መሣሪያዎች ነበሯት።

የተሠራችው ከሲያትል ከተማ ማዶ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር በሚገኝ የመርከብ ፋብሪካ ነው። አዎ፣ ሐይቅ። እዚያ የሚሠሩ መርከቦች ጨዋማ ውሃ የሚያገኙት በቦይና በውሃ በር በኩል ተጉዘው ነው። ሥራው በጁላይ 1942 ተጀመረ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 4 ቀን ቀፎዋ ውሃ ላይ ተለቀቀ። የውስጡ ሥራ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። በይፋ አገልግሎት የጀመረችው ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 ነው።

ጦርነት ላይ የቆየችው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ቢሆንም የታሪኳ ዋናው ክፍል እሱ ነው። መጀመሪያ ወደ ኒው ጊኒ ሄደች። በ1944 መጨረሻ ደግሞ ፊሊፒንስ፣ ሌይቴ ደረሰች። የምታስተናግዳቸው ካታሊናዎች «ጥቁር ድመቶች» ይባሉ ነበር። ካታሊና ቀርፋፋ ነው። በቀን ብርሃን ለጠላት ተዋጊ አውሮፕላን ቀላል ኢላማ ይሆናል። ስለዚህ ጥቁር ቀለም ቀቧቸውና ሌሊት ሌሊት ያበሯቸው ጀመር። በጨለማ ዝቅ ብለው እየበረሩ የጃፓን ጭነት መርከቦችን ያድኑ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚነገረው የኦርሞክ ወሽመጥ ታሪክ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1944፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ ኩፐር የምትባል የአሜሪካ ደስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) በቶርፒዶ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚሄድ ፈንጂ፣ ተመታች። ቶርፒዶውን የተኮሰችው ታኬ የተባለች የጃፓን ደስትሮየር ናት ይባላል። ኩፐር ወዲያው ሰጠመች። 191 ሰው ሞተ። የተረፉት ሌሊቱን ውሃ ላይ ሲንሳፈፉ አደሩ። ዳርቻው በጃፓኖች እጅ ስለነበር ሌላ መርከብ ቀርቦ ሊያነሳቸው አልቻለም።

ሲነጋ ጥቁር ድመቶቹ መጡ። አንዱ ካታሊና ውሃው ላይ አረፈና ከአንዱ ስብስብ ወደ ሌላው እየተንሳፈፈ ሰው መልቀም ጀመረ። በነዳጅ የተጨማለቁ፣ መቆም ያቃታቸው መርከበኞች በጎን መስኮቱ እየተጎተቱ ገቡ። ካታሊና ብዙ ጊዜ ስምንት ወይም አሥር ሰው ይዞ የሚበር አውሮፕላን ነው። ያን ቀን ከራሱ ሠራተኞች ሌላ 56 ሰው ጫነ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰው ይዞ ከውሃ መላቀቅ አለበት። በጣም ረጅም መንገድ ተንደረደረ፤ በመጨረሻም ተነሳ። ሌላው ካታሊና ደግሞ 48 ሰው አወጣ። በጠቅላላው ከኩፐር 168 ሰው ተርፏል። በአሜሪካ የባሕር ጦር ታሪክ መርከብ ስታሰጥም ወይም ስትሰጥም እንጂ አውሮፕላን የምታበላና የምታጠጣ መርከብ እምብዛም አትወሳም። በዚያ ጠዋት ያ ሁሉ ሰው መዳኑ ግን የእንዲህ ዓይነት መርከብ ሥራ ውጤት ነው።

በጃንዋሪ 1945 ኦርካ እዚያው ፊሊፒንስ ወዳለው ሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ከሚያርፈው የአሜሪካ ጦር ጋር ተጓዘች። እዚያ ራሱን ሊያጋጭባት የመጣ የጃፓን አውሮፕላን አጠገቧ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ጥቂት መርከበኞች ቆሰሉ፤ እሷ ግን ሥራዋን ቀጠለች። ለጦርነቱ አገልግሎቷ የውጊያ ኮከብ የሚባለውን ሽልማት ሦስት ጊዜ አግኝታለች።

በ1947 ከአገልግሎት ወጣች። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1951፣ እንደገና ተጠርታ እስከ 1960 አገለገለች።

ጦርነቱ ሲያበቃ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ6,700 በላይ መርከቦች ነበሩት። ያን ሁሉ በሰላም ጊዜ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ አሮጌ መርከብ ለወዳጅ አገር መስጠት ራሱ አንድ የጉልበት መሣሪያ ሆነ። ጣሊያን ከኦርካ እህቶች አንዷን ወሰደች። ኖርዌይም በ1958 አንዷን ተቀብላ «ሆኮን ሰባተኛ» ብላ ሰየመቻትና የካዴቶች ማሰልጠኛ አደረገቻት። ኖርዌይን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1955 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በማደራጀትና በማሰልጠን የኖርዌይ መኮንኖች ትልቅ እጅ ነበራቸው።

ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1953 ስምምነት ተፈራርመው ነበር። አሜሪካ አሥመራ ላይ ቃኘው የሚባለውን የጦር መገናኛ ጣቢያ ትይዛለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያ እርዳታ ታገኛለች። ኦርካ የመጣችው በዚህ መንገድ ነው። በ1954 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 1962) በውሰት ተሰጠችን። «ኢትዮጵያ» የሚል ስምና ኤ-01 የሚል ቁጥር ወጣላት። ለእኛ ባሕር ኃይል እንዲህ የሚስማማ መርከብ ማግኘት ይከብድ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለአብራሪዎች የተሠራው ሰፊ ማደሪያ ለካዴቶች ሆነ። በናፍጣ ሞተር የምትሄድ መሆኗም ጥገናውን ቀለል ያደርገዋል።

ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን በየዓመቱ ሲከበር የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቭየት መርከቦች ሳይቀሩ ወደቡ ላይ ይሰለፉ ነበር። ምሥራቅና ምዕራብ በማይስማሙበት በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዶቹን የምታስተናግደው «ኢትዮጵያ» ነበረች። ኃይሉን ለረጅም ጊዜ የመራው የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ ነው። ደርግ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከገደላቸው ስድሳ ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

በ1976 ከውሰት ወጥታ ጭራሽ ለኢትዮጵያ ተሸጠች። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ተገለባበጠ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ ቃኘውን ዘጋ፤ አሜሪካኖቹ ወጡ። ከዚያ የመጡት የሶቭየት ሚሳይል ጀልባዎችና ፔትያ የሚባሉ ፍሪጌቶች (አነስተኛ የጦር መርከቦች) ናቸው። አሜሪካ ሠራሿ መርከብ በሶቭየት መርከቦች መሀል ኤ-01 እንደሆነች ቀረች።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲፈርስ የተረፉት መርከቦች ባሕሩን አቋርጠው ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የመን ገባች።

የሸሸችው ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ከእህቶቿ ሰባቱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለደቡብ ቬትናም ተሰጥተው ነበር። በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ስድስቱ ስደተኛ ጭነው ፊሊፒንስ ገቡ። ኦርካ በወጣትነቷ ያገለገለችበት ባሕር ማለት ነው። ከእነሱ አንዳንዶቹ በፊሊፒንስ ባሕር ኃይል ውስጥ ሌላ ዕድሜ አገኙ። «ኢትዮጵያ» ግን የመን ወደብ ላይ ሁለት ዓመት ቆየችና በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዋሽንግተን ሐይቅ ውሃ ከነካት 51ኛ ዓመቷ ነበር።