ኦብጀክቱ ተሠርቶ ሳያልቅ የሚጠራ ዲስትራክተር

ኮንስትራክተር ኦብጀክትን (ዳታንና ሥራውን አንድ ላይ የያዘ የፕሮግራም አካል) አዘጋጅቶ ለሥራ የሚያቀርብ ኮድ ነው። ፋይል ይከፍታል፤ ሚሞሪ ይይዛል፤ ከዳታቤዝ ጋር ይገናኛል። ዲስትራክተር መጨረሻ ላይ መጥቶ የተከፈተውን ይዘጋል፤ የተያዘውን ይለቃል። ጣጣው የሚመጣው ኮንስትራክተሩ መሐል ላይ ኤክሴፕሽን (የስሕተት ምልክት) ወርውሮ ሲቋረጥ ነው። ግማሹ ብቻ የተሠራውን ኦብጀክት ማን ያጸዳዋል? መልሱ እንደየቋንቋው ይለያያል።

የሲ ፕላስ ፕላስ አቋም ግልጽ ነው። ኮንስትራክተሩ ካልጨረሰ ኦብጀክቱ አልተወለደም፤ ያልተወለደ ደግሞ አይሞትም። ስለዚህ ዲስትራክተሩ አይጠራም። ተሠርተው ያለቁት አባላትና ቤዝ ክላሶች (የኦብጀክቱ ንድፍ ማለትም ክላሱ የወረሳቸው) ግን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ ይፈርሳሉ። አደጋው የሚሞሪ አድራሻ ብቻ የሚይዘው ተራ ፖይንተር ላይ ነው። ኮንስትራክተሩ ሁለት ጊዜ ሚሞሪ ጠይቆ ሁለተኛው ቢከሽፍ፣ የመጀመሪያውን የሚለቅ የለም። እያንዳንዱን ነገር እንደ ዩኒክ ፖይንተር ላለ የራሱ ባለቤት መስጠት የሚመከረው ለዚህ ነው። ባለቤቱ ራሱ ተሠርቶ ያለቀ አባል ስለሆነ ሳይረሳ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም የያዘውን ይለቃል።

ፓይተን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኦብጀክቱን የሚፈጥረው ኒው (__new__) ነው፤ የሚያዘጋጀው ኢኒት (__init__) የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢኒት ቢወድቅም ኦብጀክቱ አለ፤ ስለዚህ እንደ ዲስትራክተር የሚያገለግለው ዴል (__del__) ይጠራል። ዴል ያልተከፈተ ፋይል ሊዘጋ ሲሞክር አትሪቢዩት ኢረር (የተጠየቀው አባል የለም የሚል ስሕተት) ያወጣል። ፓይተን ይህን ኢረር ስክሪን ላይ ጽፎ ያልፈዋል እንጂ ፕሮግራሙን አያቆምበትም። ጀማሪዎችን በጣም የሚያደክመው ይሄ ነው። ሁለት ኢረር ያያሉ፤ ትክክለኛውን ትተው የዴሉን ሲያሳድዱ ይውላሉ። ዋናው ጥፋት ያለው ኢኒት ውስጥ ነው።

ብዙዎች ኢኒት ሲጀምር ፋይሉን ነን (None፣ ባዶ) ብለው ያስቀምጡና ዴል ውስጥ ያንን ያረጋግጣሉ። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ክላሱ በተሳሳተ የአርጊዩመንት ብዛት ከተጠራ የኢኒት የመጀመሪያው መስመር እንኳ አይደረስም፤ ዴል ግን ይጠራል። ስለዚህ ነኑን ክላሱ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ከዚያም የተሻለው የማጽዳቱን ሥራ ለዊዝ (with፣ ሥራው ሲያበቃ ማጽዳቱን ራሱ ለሚያስጀምር የፓይተን ትእዛዝ) ሰጥቶ ዴልን ጨርሶ አለመጻፍ ነው።

ዴልፋይ የተባለው ቋንቋ ኮንስትራክተሩ ሲወድቅ ዲስትራክተሩን ሆን ብሎ ይጠራል። ፊልዶቹ አስቀድመው ባዶ ስለሚደረጉና ኦብጀክትን የሚለቀው ፍሪ ባዶውን ዝም ብሎ ስለሚያልፍ በአግባቡ የተጻፈ ኮድ አይቸገርም።

ሲ ሻርፕም ፋይናላይዘሩን (የእሱን ዲስትራክተር) ይጠራል፤ ኮንስትራክተሩ ሳይጨርስ ቢቀርም። እዚህ ግን ቅጣቱ ከባድ ነው። ሲ ሻርፕ ከሚሠራበት መድረክ ከዶት ኔት 2.0 ጀምሮ ከፋይናላይዘር ያመለጠ ኤክሴፕሽን ፕሮግራሙን በሙሉ ይዘጋዋል። ፋይናላይዘር የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ፊልድ ከመንካቱ በፊት ነል (ባዶ) አለመሆኑን ማየት አለበት።