በኮምቦልቻና በደሴ የቤት አየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ሥራ የፈቃድ አሠራር

ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢራራቁም የአየር ጠባያቸው ለየቅል ነው። በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ደሴ ከኅዳር እስከ ጥር ብርዷ ይጠናል፤ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ በቦርከና ሸለቆ የተዘረጋችው ኮምቦልቻ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ይበረታባታል። በዚህ የተነሳ ማሞቂያ ይበልጡን የደሴ፣ ማቀዝቀዣ ይበልጡን የኮምቦልቻ ጉዳይ ሆኗል። የፈቃድ ግዴታዎቹ በአንድ ሕግ ሳይሆን በሕንፃ፣ በኤሌክትሪክ፣ በጋራ ሕንፃና በአካባቢ ጥበቃ ሕጎች ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ።

ከ2001 ዓ.ም. በፊት ጉዳዩ በአመዛኙ በየማዘጋጃ ቤቱ አሠራር ይመራ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አዲስ ሕንፃ የሚሠራ፣ ነባሩን የሚያስፋፋ፣ የሚያሻሽል ወይም የሚያፈርስ ሰው አስቀድሞ ከከተማው የሕንፃ ሹም ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገ፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 243 ደግሞ ዝርዝሩን አስቀመጠ። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ይመድባል። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ በምድብ «ሀ» ይወድቃል፤ ርቀቱ ከዚያ የሚበልጥ ወይም ባለ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ የሆነው በምድብ «ለ»፣ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ በምድብ «ሐ» ይመደባል። አዋጁ ማንኛውም ክፍል ለአገልግሎቱ የሚበቃ ብርሃንና የአየር ዝውውር እንዲኖረው ያዛል፤ የአየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣ ሥራ ንድፍም በኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጥቶታል።

ባለቤቱ በነባር ግድግዳ ላይ አንድ ስፕሊት ኤሲ (አንዱ አካሉ በክፍሉ ውስጥ፣ ሌላው በውጭ የሚሰቀል አየር ማቀዝቀዣ) ቢሰቅል «ማሻሻል» ነው ወይስ አይደለም የሚለው አከራካሪ ነው። ቱቦ ለማሳለፍ ግድግዳ መብሳት የሕንፃውን አካል እንደማይለውጥ የሚናገሩ አሉ፤ ይህ አመለካከት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ምሰሶ ወይም ሌላ የሕንፃውን ተሸካሚ አካል የሚነካ፣ በጣራ ላይ ከባድ ማሽን የሚያሳርፍ ወይም ቱቦ በየክፍሉ የሚዘረጋ ሥራ ግን ያለ ጥርጥር ለሕንፃ ሹሙ መቅረብ አለበት።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ደረጃ የኤሌክትሪኩ ነው። በተለምዶ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው ኤሲ 1 ኪሎ ዋት ያህል ሲወስድ፣ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት ይበልጣል፤ የሻወር ማሞቂያ ቦይለርም ብቻውን 1.5 ኪሎ ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይስባል። እነዚህ ሁሉ በአንድ 220 ቮልት ነጠላ ፌዝ ቆጣሪ ላይ ሲደራረቡ ያረጀ ገመድ ይግላል፤ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ኤሲው የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ካልበቃ የኃይል ማሻሻያ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይቀርባል፤ የመስመር ዝርጋታውንም በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ሊሠራው ይገባል። የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች መናኸሪያ የሆነችው፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የያዘችው ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ባለሙያ የምታጣ ከተማ አይደለችም።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የውጭ ግድግዳውና ጣራው የጋራ ንብረት ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መንፈስ የውጭውን ማሽን ከመስቀሉ በፊት የነዋሪዎቹን ማኅበር ስምምነት ማግኘት አለበት። በግል ግቢም ቢሆን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤት ላይ ማድረስን ይከለክላል።

የማቀዝቀዣ ጋዙን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 716/2004 የኦዞን ንጣፍን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችን ንግድ ይቆጣጠራል። በአሮጌ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር-22 የተባለ ጋዝ፣ የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት፣ ምርቱና ንግዱ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በአመዛኙ እንዲያበቃ የተወሰነ በመሆኑ፣ በእርሱ የሚሠራ ያገለገለ ማሽን መግዛት ለነገ ጣጣ ነው።

በደሴ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በከሰልና በትንንሽ የኤሌክትሪክ ሂተሮች ነው፤ ለሁለቱም ፈቃድ አይጠየቅም። በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። በአዳዲስ ቪላዎች የሚሠራው የግድግዳ ምድጃ የጭስ ማውጫው በጣራ በኩል ስለሚወጣ፣ ከመጀመሪያው በሕንፃው ፕላን ላይ ተካቶ ለፈቃድ መቅረብ ይኖርበታል።